አፈሙዙ የዞረበት ቀትር፦ በከባድ የበጋ ሙቀት የተካሄደ የተኩስ ልምምድ የጉዳይ ጥናት

ሰው የሞተበት አደጋ ይመረመራል፣ ሪፖርትም ይጻፍበታል። ለጥቂት የተረፈው ግን ብዙውን ጊዜ «ተመስገን» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጉዳይ ከሁለተኛው ወገን ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልቆሰለም። መመዝገብ ያለበት ምልክቶቹ ቀድመው ስለታዩ ነው። ታይተውም፣ እያንዳንዳቸው ሌላ ምክንያት እየተሰጣቸው ታለፉ። በዕለቱ በቦታው ነበርኩ። ሜዳው ከዚያ በኋላ አሠራሩን ሲያስተካክልም ተሳትፌያለሁ። የሰዎቹም የሜዳውም ስም አይጠቀስም።

ዳራው

ሜዳው ክፍት ነው። የመተኮሻ መስመሩ የቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ግድግዳ ግን የለውም። ከመስመሩ ኋላ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ከዚያ አለፍ ብሎ አንድ የመማሪያ ክፍልና አንድ የውሃ ቧንቧ ይገኛል።

የዕለቱ ተሳታፊዎች ጀማሪዎች ነበሩ። የሽጉጥ አያያዝ መሠረታዊ ትምህርት ጨርሰው ወደ ጥይት ልምምድ የገቡ ናቸው። አንድ አሠልጣኝና አንድ የመስመር ኃላፊ ተመድቦላቸዋል። የመስመር ኃላፊ የምለው «ተኩስ ጀምር»፣ «ተኩስ አቁም» የሚለውንና የመስመሩን ደህንነት የሚጠብቀውን ሰው ነው።

ልምምዱ በማለዳ ሊጀመር ነበር የታሰበው። ምዝገባውና የደህንነት ገለጻው ግን ተንዛዛ። የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ረፋዱ አልፎ ቀትር ተቃርቦ ነበር። ጣሪያው ሥር የተሰቀለው ቴርሞሜትር 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሳያል። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ከዋዜማው ዘንቦ ስለነበር አየሩ እርጥበት አዝሏል።

ጉዳዩ የገጠማቸው ሰው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ናቸው። ሲያዩአቸው ጠንካራ ናቸው። ቀኑን የሚያሳልፉት ግን ማቀዝቀዣ ባለው ቢሮ ውስጥ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመላመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ እርሳቸው ያንን ዕድል አላገኙም። ለደም ግፊት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ። እንዲህ ያለው መድኃኒት የሰውነትን ውሃና ጨው ስለሚቀንስ በሙቀት የመጎዳትን ዕድል ይጨምራል። ይህን የጠየቃቸው የለም፤ እርሳቸውም መናገር እንዳለባቸው አላሰቡም።

የለበሱት ጥቁር ወፍራም ሸሚዝ ነው። ከላይ ያለውን ቁልፍ ስለሞቃቸው ፈተውታል። ውሃ ይዘው መጥተዋል፤ ግን መኪናቸው ውስጥ ትተውታል። በገለጻው ላይ «መስመሩ ላይ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው» ተብለዋል።

ክልከላው ራሱ ስህተት አይደለም። ጥይት ሲተኮስ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ብናኝ ይወጣል። ብናኙ እጅ ላይ፣ ልብስ ላይና ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ባልታጠበ እጅ የሚጠጣ ሰው ሊዱን አብሮ ወደ አፉ ይወስዳል። ግን በዚህ ሙቀት ሰው ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለበት። ሁለቱ የደህንነት ሕጎች እዚህ ላይ ይጋጫሉ። «መስመሩ ላይ አትጠጡ» ሲባል «እንግዲያው የት፣ መቼና እጃችሁን ምን አድርጋችሁ ትጠጣላችሁ» የሚለው አልተነገረም። ሰውየውም እንደ ጨዋ ተማሪ ሕጉን አከበሩ። ምንም አልጠጡም።

ምን ተፈጠረ

መጀመሪያ ላይ የሰውየው አተኳኮስ ጥሩ ነበር። ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ተቀራርበው ያርፉ ነበር። ከጥቂት ዙር በኋላ መበተን ጀመሩ። አሠልጣኙ ቃታ አሳሳባቸውን አረሙ። ከጎን ያለ ሌላ ሰው ደግሞ «አየሩ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ዒላማው ይዋኛል» አለ። እውነቱን ነው። ከጋለ መሬት የሚነሳ ሞቃት አየር ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ዒላማው የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ግን ይህ ችግር የሚጎላው በሩቅ የጠመንጃ ተኩስ ላይ ነው። በዚያ ቀን የነበረው ሽጉጥ፣ ርቀቱም አጭር ነው። ሰበቡ ጥሩ ስለመሰለ ግን ማንም አልተከራከረም።

ቀጥሎ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ካልተነገራቸው የማይሰሙ ሆኑ። «ካዝና አውጡ»፣ ማለትም የሽጉጡን ጥይት መያዣ ንቀሉ፣ ሲባል ሌሎቹ ያወጣሉ፤ እርሳቸው ቆመው ያያሉ። ሁሉም የጆሮ መከላከያ አድርጓል። ስለዚህ «አልተሰማቸውም» ተባለ።

ከዚያ ጥይት ካዝና ውስጥ ሲሞሉ እጃቸው ይስታል። ጥይት ከጣታቸው ይወድቃል። እጃቸው በላብ ርሷል፣ እርግጥ ነው። ይህም ምክንያት ተገኘለት።

በመጨረሻ ከጎናቸው ከሚተኮስ ሽጉጥ የተወረወረ የጋለ ቀለህ፣ ማለትም የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀፎ፣ በተከፈተው ኮሌታቸው ገባ። ቀለህ ከጥይት ክፍሉ ሲወጣ ቆዳ የሚያቃጥል ነው። ሰውየው ደነገጡና በቁመታቸው ዞሩ። ሽጉጡ እጃቸው ላይ ነበር። አፈሙዙ በአጎራባቹ መስመር ያለችውን ሴት አቋርጦ አለፈ። ጣታቸው ቃታው ላይ አልነበረም። የዕለቱ ትልቁ ዕድል ይህ ነው። ከዕድልም በላይ ነው፤ ሥልጠናው ላይ በደንብ የሰረጸው አንድ ልማድ ያዳነው ነው።

የመስመር ኃላፊው «ተኩስ አቁም!» ብሎ ጮኸ። መስመሩ ጸጥ አለ። «አፈሙዙን ወደ ፊት ይመልሱት!» አላቸው። መለሱት፤ ግን በጣም በዝግታ። ኃላፊው ተቆጣ። መቆጣቱ ያለ ነው። ግን ሰውየው አልመለሱለትም፣ ይቅርታም አልጠየቁም። ዝም ብለው ያዩታል። ጨዋ ለሆነ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

ነገሩን የለየችው አፈሙዙ ያቋረጣት ሴት ናት። በሙያዋ ነርስ ነች። መነጽራቸውንና የጆሮ መከላከያቸውን አስወልቃ ፊታቸውን አየች። ገርጥተዋል፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። «ጋሼ፣ ያጥወለውልዎታል?» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ሕክምና አልነበረም። ኃላፊው ሽጉጡን ከእጃቸው ተቀበለ። ካዝናውን አወጣ፣ የጥይት ክፍሉን ከፍቶ አየ፣ ባዶ አደረገው። ከዚያ የቀረው መስመር ሁሉ መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ እንዲል አዘዘ። ይህ ጥቂት ሰከንዶች ወሰደ፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር። ሁሉም ሰው በድንጋጤ ወደ ታማሚው ሲሮጥ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ቢቀር አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል። እንደ እውነቱ ከሆነ አንድ ሽጉጥ ጎርሶ ተገኝቷል።

ከዚያ ሁለት የማይጠቅሙ ነገሮች ተከታትለው ተደረጉ። አንደኛ፣ «መኪና ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ» ተብሎ ሰውየውን ወደ መኪና ወሰዷቸው። መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሟል። የተዘጋ መኪና ውስጡ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከውጭው አየር በ20 ዲግሪ ገደማ ሊበልጥ ይችላል። በሩ ሲከፈት የወጣው ወላፈን ለጤነኛም አይመችም ነበር። መለሷቸው። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ትልቅ የውሃ ጠርሙስ አምጥቶ «ይጨርሱት» አላቸው። ግማሽ ሳይደርሱ አስመለሳቸው።

የጠቀመው ሌላ ነው። ወደ መማሪያ ክፍሉ አስገቧቸው። አጋደሟቸው፤ እግራቸውን ከፍ አደረጉላቸው። ሸሚዛቸውን አወለቁ። ጨርቅ እያራሱ አንገታቸው፣ ብብታቸውና ብሽሽታቸው ላይ አደረጉ። ቆዳቸውን እያረጠቡ በፋን አናፈሱ። ማቅለሽለሹ ሲቀንስ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ሰጧቸው። በዚህ መሃል አንድ ሰው ለድንገተኛ ሕክምና ደውሎ ነበር።

ነርሷ ደጋግማ የምትጠይቀው ጥያቄ ነበር። የት እንዳሉ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደመጡ። ዘገየት ቢሉም በትክክል መለሱ። ይህ ጥያቄ ለወግ አይደለም። በሙቀት መዛልና ከእርሱ በሚከፋው በሙቀት ምት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት አእምሮ ላይ ነው። የሙቀት ምት የያዘው ሰው የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይቃዣል፣ ግራ ይጋባል፣ ሊወድቅ ይችላል። በአካል ጥረት የመጣ ከሆነ እንደላበ ሊቆይም ይችላል፤ ስለዚህ «ላብ አለው፣ ደህና ነው» ማለት ያሳስታል። የሙቀት ምት ከሆነ አምቡላንስ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠበቅም። ባለው መንገድ ሁሉ፣ ቢቻል በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በማስገባት፣ ወዲያው ማቀዝቀዝ ይጀመራል።

የእርሳቸው መዛል ነበር። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ቀለማቸው ተመለሰ። «ደህና ነኝ፣ ዙሬን ልጨርስ» አሉ። አልተፈቀደላቸውም። ሕክምና ቦታ ሄደው ታዩ። መድኃኒታቸው ላይ ከሐኪማቸው ጋር እንዲነጋገሩ ተመከሩ።

ለምን ቀድሞ አልተያዘም

እኔን ከሁሉ የገረመኝ የመረጃ እጥረት አለመኖሩ ነው። ቢያንስ አራት ምልክት ታይቷል። የዒላማ መበተን፣ ትእዛዝ መዘግየት፣ የእጅ መሳት፣ በመጨረሻም አፈሙዙ። ግን የተኩስ ሜዳ ለእያንዳንዱ የሙቀት ምልክት የተዘጋጀ ሰበብ ያለው ቦታ ነው። መበተኑን በአየሩ፣ አለመስማቱን በጆሮ መከላከያው፣ የእጅ መሳቱን በላቡ፣ መዞሩን በቀለሁ ማሳበብ ይቻላል። እያንዳንዱ ሰበብ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። አንድ ላይ ያያቸው ሰው ግን አልነበረም። አሠልጣኙ ቃታውን ያያል፣ ኃላፊው አፈሙዙን ያያል፣ ሰውየውን ሙሉውን የሚያይ የለም።

መከላከያ ዕቃውም ምልክት ይደብቃል። መነጽሩ ዓይንን፣ ኮፍያው ግንባርን ይሸፍናል። የጆሮ መከላከያ ስላለ ሰው አያወራም፤ የተንተባተበ ንግግር የሚሰማበት ዕድል የለም። ሌላ ስፖርት ላይ ጓደኛህ ሲደክም ታውቃለህ። እዚህ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ፊት ያያል።

ሌላው፣ ተኩስ አድካሚ አይመስልም። ሩጫ የለበትም፣ ሸክም የለበትም። ስለዚህ ሰው «ቆሜ ነው ያለሁት፣ ምን ይደክመኛል» ይላል። ግን ሰውነት ከቆርቆሮው፣ ከመሬቱና ከአየሩ ሙቀት ይቀበላል። የሚያስወጣበት ዋናው መንገድ ላብ መትነኑ ነው። አየሩ እርጥበት ሲሞላው ላቡ ይፈሳል እንጂ አይተንም። የሚንጠባጠብ ላብ አያቀዘቅዝም።

በነገራችን ላይ፣ በዕለቱ ብዙ ሰው የፈራው ሌላ ነገር ነበር። «ጥይቱ በፀሐይ ይፈነዳል» የሚል። ፀሐይ ብቻዋን፣ ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና፣ ጥይት አታፈነዳም። ባሩድ በራሱ ለመቀጣጠል ከ150 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሙቀት የሚገኘው በተከታታይ ተኩስ በጋለ ጠመንጃ የጥይት ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ጥይት ቃታ ሳይሳብ ሊተኮስ ይችላል። የሞቀ ጥይት ሌላ መዘዝ አለው። ባሩዱ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ጥይት ጥላ ሥር ይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰዉ ለጥይቱ ሙቀት ሲጨነቅ ለተኳሹ ሙቀት የተጨነቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው

ሜዳው መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ ቀላል ነበር። ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ልምምድ ይቆማል ተባለ። አልሠራም። እርጥበት ባለበት ቀን 33 ዲግሪ ላይ ሰዎች ይጠወልጋሉ፤ ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቀን ደግሞ 36 ላይ ደህና ናቸው። ተራ ቴርሞሜትር የሚለካው የአየሩን ሙቀት ብቻ ነው።

በምትኩ እርጥበትንና የፀሐይ ጨረርን አብሮ የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ገዙ። ይህ አለካክ የመጣው ከአሜሪካ ጦር ማሠልጠኛዎች ነው፤ በ1950ዎቹ ምልምሎች በሙቀት ሲወድቁባቸው የተፈጠረ ነው። ከውጤቱ 70 በመቶውን የሚይዘው በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር ንባብ ነው። 20 በመቶው በጥቁር ሉል ውስጥ ካለው፣ 10 በመቶው ብቻ ከተራው ይመጣል። እዚያ አሠራር ላይ 32.2 ዲግሪና ከዚያ በላይ የመጨረሻው፣ ጥቁር ባንዲራ የሚሰቀልበት ደረጃ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከተራ ቴርሞሜትር ንባብ ጋር አንድ አይደለም። ሜዳው ለጀማሪዎች ከዚህም ዝቅ ያለ ገደብ አስቀመጠ።

የባንዲራ ሐሳቡም ተነስቶ ነበር፤ ለሙቀቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያሉ ሊሰቅሉ። የመስመር ኃላፊው ነው ያስቀረው። ተኩስ ሜዳ ላይ ቀይ ባንዲራ «ተኩስ አለ» ማለት ነው። ሌላ ቀይ ባንዲራ መጨመር ራሱ አደጋ ነው። ቁጥሩ በሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ።

የውሃውና የሊዱ ግጭት የተፈታው ከመስመሩ ኋላ የመጠጫ ቦታ በመለየት ነው። መታጠቢያና ሳሙና መግቢያው ላይ ተቀመጠ። ታጥቦ ያልገባ አይጠጣም። መጀመሪያ «የጠማው ይውጣ» ተብሎ ነበር፤ ማንም ተራውን ጥሎ አልወጣም። ስለዚህ በየ20 ደቂቃው መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ ሁሉም ይወጣል፣ ይታጠባል፣ አንድ ብርጭቆ ያህል ይጠጣል። ውሃ በአንዴ ማጋት ተከለከለ። በ1 ሰዓት ውስጥ ከ1 ሊትር ተኩል ገደማ በላይ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ሌላ አደጋ ስለሚያመጣ ነው።

ፋን መስመሩ ላይ ማቆም ተሞከረ። ሰዉ ወደደው፤ ግን የተኩሱን ጭስና ብናኝ ወደ ተኳሾቹ ፊት ሲመልሰው ታየ። ወደ ማረፊያው ተዛወረ፣ እዚያ በደንብ ይጠቅማል። እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ ማድረግም ተፈቀደ፤ መስመር ላይ ሲገባ ግን እጅ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።

አለባበስ ላይ «ቀለል ያለ ልበሱ» ብሎ መምከር አልበቃም። ቀለል ያለ ሲባል ሰው ኮሌታው የሰፋ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ቀለህ የሚገባው ደግሞ እዚያ ነው። አሁን የሚባለው ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ ነጣ ያለ ቀለም ያለው፣ አንገቱ የተዘጋ ልብስና ከፊት ጥላ ያለው ኮፍያ ነው። ቀለህ ልብስ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚደረግም ጥይት በሌለበት ሽጉጥ ይለማመዱታል። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳለ ይቆያል፣ ሽጉጡ ይቀመጣል፣ ከዚያ ልብሱ ይራገፋል። ማቃጠሉን መታገስ ይቻላል።

ለሌላ ሜዳ የሚወሰደው

ከተለወጠው ሁሉ ለውጥ አመጣ የምለው አንድ ነው። በሙቀት ቀን የአተኳኮስ መበላሸት መጀመሪያ እንደ ጤና ምልክት ይታያል፤ እርማቱ በኋላ ይመጣል። ቀድሞ ጥሩ ይተኩስ የነበረ ሰው ሲበትን፣ ትእዛዝ ሲደገምለት ወይም ጥይት ሲወድቅበት «ቃታህን አስተካክል» ከመባሉ በፊት መሣሪያውን ባዶ አድርጎ መነጽሩን ያወልቃል፣ ፊቱ ይታያል፣ ይጠየቃል። ሁለት ምልክት ካለ ለዚያ ቀን ያበቃል። ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጣም የለም። ቁጣ ሰውን ያሸማቅቃል፤ የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ «ደህና ነኝ» ይላል።

ውሳኔው የተኳሹ እንዳይሆን ማድረግም ያስፈልጋል። ሙቀት ከሚያደክማቸው አንዱ የማመዛዘን ችሎታ ነው፤ ሰውየው ራሳቸው ተነስተው ዙራቸውን ሊጨርሱ ነበር። እያንዳንዱ ተኳሽ ከኋላው የሚቆም፣ የማይተኩስ አጣማሪ ተመድቦለታል። አጣማሪው «ይብቃው» ካለ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ግማሹን ጊዜ ቆሞ ማየት ማን ይወዳል? ቀስ በቀስ ግን ከኋላ ቆሞ ማየት አተኳኮስን እንደሚያስተምር ራሳቸው አወቁት።

በምዝገባ ላይ ስለ መድኃኒት አንድ ጥያቄ ተጨመረ። መልሱን ወረቀት ላይ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ለአሠልጣኙ በጆሮ መንገር ይበቃል። በዚህ መልክ ሲጠየቅ ሰው ይናገራል።

ሰዓቱም ተቀይሯል። በበጋ ልምምዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምርና ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። ገለጻውና ምዝገባው በዋዜማው ይጠናቀቃል። ያን ቀን ነገሩን ሁሉ ወደ ቀትር የገፋው እርሱ ነበርና።

ያልተፈታው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ጥላ ይሰጣል፤ ግን ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይረጫል። ሥሩ የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ተለጥፎበታል፤ ልዩነት አምጥቷል። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ የሚወሰደው ንባብ አሁንም ከገደቡ በላይ ነው። ከሥራ በኋላ ብቻ የሚመቻቸው አባላት የማታ ክፍለ ጊዜ ጠይቀዋል። ሜዳው ግን መሬቱ እስኪበርድ ከጠበቀ በዒላማው ላይ የሚበቃ ብርሃን አይኖረውም፤ መብራትም የለውም። እነዚህ አባላት እስካሁን የሚተኩሱት በእረፍት ቀን ጠዋት ብቻ ነው።